መጀመሪያ የሚፈታ፣ መጨረሻ የሚታሰር

ባሌ ተፈራ በሞተበት ቀን ጠዋት አብረን የሠራነው ነገር የመኪናችንን ሞተር ማጠብ ነበር። ቅዳሜ ስለነበር አጠብን፤ ሌላ ምክንያት አልነበረንም። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሠፈር ያለው ግቢያችን ፀሐይ ሳትበረታበት፣ መኪናዋ ሌሊቱን ቆማ ብረቷ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ እሱ ኮፈኑን ከፍቶ በእንጨት ደገፈው፤ እኔ ነጭ ጋዙን በጣሳ ቀዳሁ። እሱ በብሩሽ እየፈተገ፣ እኔ በአትክልት ማጠጫ ውሃ እያፈሰስኩ፣ ይህ ነው የሚባል ነገር ሳናወራ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የጎረቤት ዶሮ መኪናዋ ሥር ገብታ አልወጣ ስላለችን ስቀን፣ ጨረስን። በመጨረሻ እንደ ልማዱ ቁጥር አሥሩን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በጨርቅ ጠረገና ሰጠኝ። «እሰሪው፤ የመጨረሻው ያንቺ ነው» አለኝ። የባትሪውን ገመድ አሰርኩ። እሱ እጁን ታጥቦ «እስኪ ትንሽ ጋደም ልበል» ብሎ ገባ። ምሳ ደርሷል ብዬ ስጠራው አልመለሰልኝም።

አርባው ካለፈ በኋላ፣ ያን ቀን ለብሶት የነበረውን ሸሚዝ ላጥበው ብዬ ከበሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ አወረድኩት። ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ሸተተኝ። ሌላ ሴት የባሏን ሸሚዝ ስታሸት ባሏን ታስታውሳለች፤ እኔ ግን ከተፈራ አልፌ፣ ገና ተፈራ የሚባል ሰው በዓለም ላይ መኖሩን ሳላውቅ ወደነበርኩበት ዘመን ሄድኩ። ያ ሽታ የአባቴ እጅ ሽታ ነው፤ በኋላም የእናቴ ቀሚስ ሽታ ነው። ሸሚዙን ሳላጥበው መልሼ ሰቀልኩትና ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። የምቸኩልበት ነገር የለኝም፤ የምጽፍበት ሰው ደግሞ ገና በሕይወት አለ።

እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ድሬዳዋ ውስጥ መኪና የሚታጠበው ደቻቱ ላይ ነበር። አዲስ ሰው ደቻቱ ወንዝ ነው ሲሉት ይስቃል፤ ምክንያቱም የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል ሰፊ የአሸዋ ጎዳና ነው። ከወዲህ ከዚራና ባቡር ጣቢያው፣ ከወዲያ መጋላ፣ መካከሉ ላይ ግመል ያርፍበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ የታጠበ ልብስ ይሰጣበታል። ውሃው ከአሸዋው ሥር ነው። ትንሽ ሲቆፍሩለት ቀዝቅዞ ብቅ ይላል፤ ነጂዎችም በየጉድጓዱ ዳር መኪናቸውን በተርታ አቁመው ያጥቡ ነበር። ነገር ግን ደቻቱ የራሱ ጠባይ አለው። ድሬ ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ አናት እየበሳች ሳለ፣ ላይ ደንገጎ ተራራ የጣለው ዝናብ ማንንም ሳያስፈቅድ ቡናማ ግድግዳ ሆኖ ይወርዳል፤ ከመጣ ደግሞ ግመልም ሰውም መኪናም አይመርጥም።

ስለዚህ ሕግ ነበር። ከሁሉ ላይኛውን ጉድጓድ የያዘ ነጂ ንጹሑን ውሃ ያገኛል፤ ከሱ በታች ያሉት የሱ የሳሙና እጣቢ ይደርሳቸዋል። በዚህ ብልጫው ፈንታ ተራራውን የሚጠብቀው እሱ ነው። ደንገጎ ሲጠቁር ካየ፣ ወይም እርጥብ አፈር የሚሸት ነፋስ ከላይ ከመጣበት፣ መጀመሪያ የመኪናውን ጥሩምባ ይነፋል፤ ከዚያ መኪናውን ያወጣል፤ ወጥቶም የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ድረስ መንፋቱን አያቆምም። ይህ የትም ተጽፎ አያውቅም፤ ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ኦሮሞውም ሶማሌውም፣ ባለ ታክሲውም ባለ ጭነቱም ያውቀዋል። ላይኛውን ሰው «ዓይን» ይሉት ነበር። «ዛሬ ዓይን ማነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ኮፈን የሚከፍት ነጂ አልነበረም።

አባቴ ወልዴ ሐረር የሚመላለስ ሰማያዊ ፔጆ ነበረው። ሞተር የሚያጥበው ለጌጥ አልነበረም። የደንገጎን ዳገት የሚወጣ መኪና ሞተሩ ላይ አቧራና ዘይት ከተጋገረበት ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ዘይት የሚያንጠባጥብበትም ቦታ አይታይም። «የቆሸሸ ሞተር ሕመሙን እንደሚደብቅ ሰው ነው» ይል ነበር። መኪናዋን አሳድሮ፣ ብረቷን በእጁ ጀርባ ዳስሶ መቀዝቀዟን ሳያረጋግጥ ውሃ አያስጠጋም፤ የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ የተጣደ ሸክላ ድስት ላይ እንደማፍሰስ ነው ብሎ ነግሮኛል። ከዚያ የገባባትን ቅጠልና ላባ በእጁ ይለቅማል። ከዚያ ከማንኛውም ነገር በፊት የባትሪውን ጥቁር ገመድ በቁጥር አሥር ቁልፍ ይፈታል፤ ያረጀ ከመነዳሪ፣ የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ ቆርጦ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ቆብና የካርቡራተሩን አፍ ጠቅልሎ በሲባጎ ያስራል፤ ውሃ እዚያ ከገባ መኪናዋ ትኮርፋለች። ከዚያ ነጭ ጋዝ ውስጥ ሳሙና ፍቆ ይበጠብጥና በብሩሽ ይፈትጋል። ቤንዚን እንዲያስነኩት አይፈልግም፤ ፈጥኖ ያጸዳል፣ ፈጥኖም ሰው ያቃጥላል። ውሃውን በማጠጫ ያፈስሰዋል እንጂ በባልዲ አይደፋውም። በጨርቅ ያደርቃል፣ ኮፈኑን ከፍቶ ነፋስ ያስመታል፣ የጠቀለለውን ይፈታል፤ ሁሉም ደርቆ ካለቀ በኋላ፣ በስተመጨረሻ፣ ጥቁሩን ገመድ ያስራል።

«እንቆቅልሽ» ይለኛል እጁን እየጠረገ።

«ምን አውቅልህ።»

«መጀመሪያ የሚፈታ፣ መጨረሻ የሚታሰር።»

መልሱን ከተወለድኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እሱ ራሱ ሲመልሰው የሚሰማው ደስታ ግን እንዳይቀርበት አላውቅም እለው ነበር።

ባትሪዋ የተፈታ መኪና አትነሳም። ይህን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሚቀረው ነገር ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ደቻቱ ላይ ባትሪ የሚፈታ ነጂ መኪናውንና ነፍሱን ለላይኛው ሰው አደራ ሰጥቶ ነው የሚፈታው።

የሐምሌ ገብርኤል ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ቁልቢ የሚሄደው ምዕመን ከየአገሩ በባቡር እየወረደ ከተማዋን ሞልቷታል፤ ነጂ ሁሉ የዓመቱን ገቢ የሚያገኘው በዚያ ሰሞን ስለሆነ ደቻቱ ላይ ተርታው ረዥም ነበር። አባቴና እኔ ዘግይተን ስለደረስን የቀሩት ነጂዎች አጥበው እየወጡ ነበር፤ ከላይ ከበደ ብቻ ቀረ፤ ከታች እኛ። ከበደ አረንጓዴ ፔጆ ያለው፣ ሐረር የሚመላለስ፣ ከአባቴ ጋር በአንድ የገብርኤል ማኅበር የሚጠጣ፣ ሲያገኘኝ ከረሜላ የሚሰጠኝ ሰው ነበር። አቶ አልለውም። ድሬ ላይ ድሮም አንቱታ ብዙ አይሰምርም፤ እሱን ግን ሌላ አገር ብወለድም አቶ አልለውም ነበር።

አባቴ «ከቤ፣ ዓይን አንተ ነህ?» ብሎ ጠየቀው። ከበደ እጁን አነሳለት። አባቴ ባትሪውን ፈታ።

የኛ ሞተር ላይ ሳሙናው ገና አረፋ ሳለ የከበደ ኮፈን ሲዘጋ ሰማሁ። ሞተሩ ተነሳ። አረንጓዴዋ መኪና በአጠገባችን አልፋ ወደ ዳር ስትወጣ አባቴ ቀና ብሎ እየሳቀ «ቶሎ ጨረስክሳ!» አለው። ከበደ በመስኮቱ ዞሮ አየን። አባቴን አየ፣ የተከፈተውን ኮፈን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። ሁለት እጆቹ መሪው ላይ ነበሩ። ጥሩምባው የመሪው መካከል ላይ ነው። ከአውራ ጣቱ እስከዚያ አንድ ስንዝር አይሞላም።

ከዚያ ነፋሱ መጣ፤ እርጥብ አፈር ይሸታል። አባቴ ወደ ተራራው ሲያይ ደንገጎ የለም፤ ጥቁር ሆኗል። መጀመሪያ እኔን በብብቴ አንስቶ ወደ ዳር ወረወረኝና «ሩጪ!» አለኝ፤ ከዚያ ገመዱን ሊያስር ተመለሰ። ቁልፉ በሳሙና ከራሰው እጁ አምልጦ አሸዋው ላይ ወደቀ። ሲያጎነብስ አየሁት። ውሃው ሲደርስበት እንዳጎነበሰ ነበር።

ከመጋላ በኩል የነበሩ ግመል ነጂዎች ገመድ ጥለው አወጡት፤ ጉልበቱ ግን መኪናዋና ድንጋይ መካከል ገብቶ ደቅቆ ነበር። መኪናዋን ውሃው ይዟት ሄዶ ታች አሸዋ ውስጥ ቀበራት። በገብርኤል ዕለት፣ አባቴ እግሩ ታስሮ ጣራ ጣራ እያየ ሲተኛ፣ ከበደ የአባቴን መንገደኞች ሳይቀር ጭኖ ቁልቢ ሄደ፤ ተሳልሞ፣ ጠበል ተረጭቶ ተመለሰ።

በነሐሴ ሽማግሌ ተቀመጠ። ቦታው መጋላ፣ ሐጂ ዩሱፍ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር፤ ሐጂ ዩሱፍ የጭነት መኪና ያለው፣ እሱም ደቻቱ ላይ የሚያጥብ፣ የማኅበሩ ሰው ስላልሆነ ለማንም አያዳላም የተባለ ሶማሌ ነጋዴ ነው። ሽማግሌዎቹ ሣጥን ላይ ተቀመጡ፣ አባቴን በወንበር ተሸክመው አመጡት፣ እናቴ አስካለ ከስኳር ጆንያዎቹ አጠገብ ሆነች፤ እኔ ከኋላዋ። ከበደ ተነሳና ተናገረ። ተራራው ሲጠቁር አይቻለሁ አለ፤ አልካደም። ግን እሱም እንደ ሁሉም ሰው ሞተር ሲያጥብ ስለነበር ባትሪው ተፈትቶ ነበር፤ ባትሪው ከተፈታ ደግሞ ጥሩምባ አይሠራም። በአፉ ቢጮህስ ማን ይሰማዋል?

ሰው ሁሉ እፎይ አለ። ደስ የሚል መልስ ነበር፤ ማንንም ክፉ አያደርግም። ባትሪ እንደሚፈታ የማያውቅ የለም። አባቴ እንኳ ራሱን ነቀነቀ።

እናቴ ከጆንያዎቹ አጠገብ ብድግ አለች። «ከቤ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። መኪናህ እንዴት ወጣች?»

«እንዴት ማለት?»

«ባትሪዋ ተፈትቶ ነበር አልክ። ከአሸዋው ማን አወጣት? ገብርኤል?»

ሰው ሳቀ። ከበደ አልሳቀም። «በማነቬላ አስነስቼ ነዋ» አለ። ማነቬላ በዚያን ጊዜ ከፊት ተሰክቶ ሞተር በእጅ የሚያዞሩበት ብረት ነው።

«ማነቬላ ክንድ ነው አንተ፤ እሳት አይደለም! ወልዴ፣ ባትሪ ሳይታሰር ካንዴላ እሳት ያገኛል?»

አባቴ መሬት መሬት አየ። ሰው በመጥላት ጎበዝ አልነበረም፤ እግዜር ያንን ለእናቴ ሰጥቶት ነበር። «አያገኝም» አለ።

«እንግዲያው መኪናዋ ከተነሳች ባትሪዋ ታስሯል። ባትሪዋ ከታሰረ ጥሩምባዋ ይጮሃል።»

የሐጂ ዩሱፍ መቁጠሪያ ቆመ። «ወላሂ፣ ይቺ ሴትዮ ጠበቃ ናት!» አለ።

ከበደ ፊቱ ቀላ። «ወንዝ የወሰደውን እኔ ወሰድኩት ልትሉኝ ነው?» ብሎ ጮኸ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገር ጀመር። እኔ ከእናቴ ጀርባ ወጥቼ «ዞሮ አይቶናል! እኔን አይቶኛል!» አልኩ። አንድ ሽማግሌ ፀጉሬን ዳበስ አድርጎ «የኔ ልጅ፣ ልጅ ያየው ሕልም ነው» አለኝ። እስከ ዛሬ ማንም ሰው ፀጉሬን እንዲዳብሰኝ አልወድም።

ሽማግሌ መቼም ሽማግሌ ነው፤ እውነቱን ሲያይ ይደነግጥና ወደ እርቅ ይሸሻል። ከበደ «ካጠፋሁ ይቅር በሉኝ» አለ። አባቴ «ይቅር ብያለሁ» አለ። እናቴ ግን አልተቀመጠችም።

«እኔ ይቅርታ አልጠየቅኩትም» አለች። «አንድ ቃል ነው የምፈልገው። ‹መንፋት እችል ነበር፣ አልነፋሁም› ይበል። ይህን ይበልና ዛሬውኑ እግሩን አጥበዋለሁ።»

ከበደ አላለም።

«እሺ። ያቺ ወንዝ የወሰዳት መኪናችን ትነሳለች። ይህን ቃል እስክትለኝ ድረስ እሁድ እሁድ ደጅህ መጥቼ ያን ቀን ያልነፋኸውን ጥሩምባ እነፋልሃለሁ።»

«አቦ አስካለ» አለ ሐጂ ዩሱፍ፣ «መኪናዋ እኮ አሸዋ ውስጥ ናት!»

«አሸዋ ውስጥ ናት እንጂ መቃብር ውስጥ አይደለችም!»

የተሳለቀው ሐጂ ዩሱፍ ራሱ በጭነት መኪናው ጎትቶ አወጣልን። የመጋላ ሰው አካፋ ይዞ መጣ፣ የከዚራ ሰው ምክር ይዞ መጣ። መኪናዋ ግቢያችን ስትደርስ መኪና አትመስልም ነበር፤ ኮፈኗ ሲከፈት ሞተሩ አይታይም፣ ጭቃው ደርቆ እንደ ጡብ ሞልቶታል፣ ከመካከሉ አንድ የበቆሎ ቆረቆንዳ ብቅ ብሏል። አባቴ አይቶ አለቀሰ። እናቴ አይታ ቀሚሷን ወደ ላይ ሸብ አደረገች።

ያ በጋ በቤታችን ውስጥ የቤት ዕቃ በቦታው አልነበረም። የሻይ ማጥለያው ከዘይት አሸዋ ያጠልላል። የፀጉራችን ሚዶ የራዲያተሩን ጥርስ ያበጥራል። የዶሮ ላባ ነጭ ጋዝ እየነከረ ጣት የማይገባበት ይገባል፤ ሠፈሩ ውስጥ ጅራቱ ያልተመለጠ አውራ ዶሮ የቀረ አይመስለኝም። ከአንጥረኛ የተዋስነው ወናፍ ደግሞ ማድረቂያችን ሆነ፤ እኔ ወናፉን እየረገጥኩ እናቴ አፉን ወደ ሞተሩ ታዞረዋለች፣ አባቴ በረንዳ ላይ እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ «ቀስ! ቀስ! ወደ ቆቡ አታዙሩት!» እያለ ያዝዛል። ውስጡን የከፈተልን የባቡር ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረ የአባቴ ወዳጅ ነው። እናቴ ጭቃውን የምትፈቀፍቀው እየተሳደበች ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ስድብ፣ ሁሉም ለከበደ። አባቴ «አስካለ፣ ልጅቷ ትሰማለች» ይላታል። እሷም «እንድትሰማ ነው» ትለዋለች። ሰማሁ። ሌላው ልጅ ተረት እየሰማ ሲያድግ እኔ ያንን እየሰማሁ አደግኩ፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ አስተዳደግ ነበር።

ሞተሩ ሲነሳ እናቴ እልል አላለችም። ነጠላዋን ለበሰችና ከፊት ተቀመጠች። አባቴ ጉልበቱ አይታጠፍም ነበርና የነዳው አጎቴ ነው። እሁድ ነበር፤ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነበር። ከዚራ፣ ከከበደ በር ፊት ስንደርስ እናቴ እጇን በአጎቴ ላይ አሳልፋ ጥሩምባውን ተጫነችው። ጮኸ። እጇን አነሳች፤ ጩኸቱ አልቆመም። ውስጡ የቀረ አሸዋ ነበር መሰለኝ፣ ተቀርቅሮ ቀረ። ከዚራ በሙሉ ወጣ። ውሻ ጮኸ፣ ሕፃን አለቀሰ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ቆሙ፣ አጎቴ መሪውን በቡጢ ይመታል። በመጨረሻ እናቴ ራሷ ወርዳ፣ በከበደ በር ፊት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ፣ ኮፈኑን ከፍታ ገመዱን በቁልፍ ፈታችው፤ ዝም አለ። እናቴ ወደ ከበደ መስኮት ዞራ ቁልፉን ከፍ አድርጋ «አየህ? ሲፈታ ዝም ይላል፤ ሲታሰር ይጮሃል!» አለችው። መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቀን የበለጠ ደስ ያለኝ ቀን፣ ሠርጌን ጨምሮ፣ አላስታውስም።

ሠርጌ ያልኩት ከተፈራ ጋር ነው። ባቡር ጣቢያ ዕቃ ክፍል የሚሠራ፣ ረጋ ያለ፣ ሳቁ ከሆዱ የሚመጣ ሰው ነበር። ሽማግሌ ሲልክ እናቴ ዘሩንም ደሞዙንም አልጠየቀችም፤ «መንዳት ይችላል?» አለች። አይችልም ነበር። ተምሮ ተመልሶ መጣ። ያኔ አባቴ ሞቷል፤ እናቴም ብዙ አልቆየችም። ስትሞት ስለ እኔ አንድም ቃል አልተናዘዘችም፤ ተፈራን እጁን ይዛ «እሁድን አደራ» አለችው። እሱም አደራውን ጠበቀ። መንግሥት ተለወጠ፣ የመንገዶች ስም ተለወጠ፣ ቤንዚን በወረፋ ሆነ፣ ልጆች አሳደግን፣ መኪናዋ ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀባች፤ ቅዳሜ ሞተሩን አጥበን እሁድ በዚያ በር ፊት ነፋን። እኔ እንደ እናቴ አንገቴን ቀጥ አድርጌ ፊት ለፊት አያለሁ፤ ወደዚያ ቤት ዞሬ አላውቅም፤ ቂመኛ ፊቱን አያዞርም። አንድ ዓመት ላይ ተፈራ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መንገድ መንዳት አስተማረኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «አንድ ቀን እኔ ባልኖር ማን ይነፋልሻል?» ብሎ ሳቀ።

ቅዳሜ ሞተ፤ እሁድ ቀበርነው። ያ እሁድ ያለ ጥሩምባ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ከበደ ድንኳኑ ገባ። በከዘራና በልጅ ልጁ ክንድ ተደግፎ፣ ቆዳውና አጥንቱ ቀርቶ፣ ገባ። የሚያውቁን ቦታ ለቀቁለት። መጥቶ ፊቴ ቆመ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሊለው ነው። በባሌ ድንኳን፣ ሁሉም እየሰማ፣ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችውን ያን አንድ ቃል ሊለው ነው። እሱ ግን መስማት የተሳነው ሰው እንደሚናገር ድንኳኑ እስኪናወጥ ጮኾ «እግዜር ያጽናሽ!» አለና ተቀመጠ።

«ለምን ይጮሃል?» አልኩት ልጅ ልጁን።

«ጆሮው አይሰማም እኮ፣ እትዬ ጽጌ። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ነው የጠፋው።» ልጁ ግራ ተጋብቶ አየኝ። «ጋሽ ተፈራ አልነገረሽም? እሱ ያውቃል። እኛ ልጆቹ ጥሩምባውን ስንሰማ ‹መጣ!› ብለን አጥሩ ላይ እንወጣ ነበር፤ ሁሌ እጁን ያውለበልብልን ነበር። ባለፈው እሁድ ሳትመጡ ስትቀሩ አንድ ነገር ሆነዋል አልን።»

ከዚያ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ የተባለውን አላስታውስም። ያን ሁሉ ዘመን ለደንቆሮ ሰው ስነፋ ኖሬያለሁ፤ ተፈራም እያወቀ፣ በየቅዳሜው እጁን በነጭ ጋዝ እያጠበ፣ በየእሁዱ አንገቴን ቀጥ አድርጌ ፊት ለፊት እያየሁ አጠገቤ ሆኖ ለጠላቴ የልጅ ልጆች እጁን ሲያውለበልብ ኖሯል። ሌሊቱን ሙሉ ተቆጣሁት። ሲነጋ የምቆጣው ሰው እንደሌለ ትዝ አለኝ። ያን ሁሉ እሁድ የነዳልኝ ከበደ እንዲሰማ ሳይሆን እኔ እንድነፋ ብሎ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው፤ ማንም ሰው ለማንም ሰው ከዚያ የበለጠ ሲያደርግ አላየሁም።

አሁን ደቻቱ ላይ ተራራ የሚጠብቅ «ዓይን» የለም። መኪና በየመንገዱ ዳር በጎማ ቱቦ ይታጠባል፤ ሞተሩ እየጨሰ በግፊት ውሃ ይመቱታል፣ ባትሪ የሚፈታ ሰው አላይም። አባቴ የለም፣ ስድቧ ሠፈሩን ያሳድግ የነበረው እናቴ የለችም፣ ሐጂ ዩሱፍ የለም፤ የዚያን ቀን ነገር የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነን የቀረነው፤ እኔና እሱ። ለቀስተኞች ሁሉ «በቃ፣ ለተፈራ ነፍስ ስትይ ተይው» ይሉኛል። ተፈራ ተይው ብሎኝ አያውቅም። ከበደ ደግሞ ፊቴ ቆሞ፣ ምላስ እያለው፣ ያንን ቃል ሳይል ሄዷል። ጆሮው ቢጠፋም ዓይኑ ግን ደህና ነው፤ ከድንኳኑ ደጃፍ ላይ ድንጋይ እንዳያደናቅፈው እያየ ሲረግጥ አይቼዋለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ኮፈኑን ብቻዬን እከፍታለሁ። ገመዱን እፈታለሁ፣ ቆቡን እጠቀልላለሁ፣ በነጭ ጋዝ እፈትጋለሁ፣ ውሃውን ቀስ ብዬ አፈስሳለሁ፣ አደርቃለሁ፣ በመጨረሻ ገመዱን አስራለሁ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከሳቢያን ወደ ከዚራ እነዳለሁ። ከበደ በሩ ላይ ወንበር ወጥቶለት ጥላ ሥር ይቀመጣል። ጥሩምባውን አጥር ላይ ለወጡት ልጆች አንድ ጊዜ እነፋለሁ። ከዚያ እወርድና እሱ ፊት ኮፈኑን ከፍቼ የታሰረውን ገመድ በጣቴ አሳየዋለሁ። ቃሉን ይል እንደሆነ ትንሽ እጠብቃለሁ፤ ካላለ ዘግቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።